መስኮት ላይ የተለጠፈው ራጅ

ፋሲሎ ውስጥ የእህቴን ቤት የሚፈልግ ሰው የቤት ቁጥር አይጠይቅም። «ያች መስኮቷ ላይ ጎድን ያለባት ቤት» ብለው ይጠቁሙታል፤ ቀጥ ብሎ ይመጣል። መስኮቱ ካሉት አራት መስታወቶች የአንደኛው ቦታ በራጅ ተሸፍኗል። የሰው ደረት ነው። ቀን ቤት ውስጥ ለተቀመጠ፣ ሲመሽ ደግሞ መብራት ሲበራ በመንገድ ለሚያልፍ፣ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ እየተለየ ይታያል። ከላይ፣ ከትከሻው አጥንት ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነጭ ነገር አለ።

እህቴ ከሞተች ወዲህ አውርጂው የማይለኝ ሰው የለም። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ «ልጄ፣ የሞተ ሰው አጥንት ለመንገደኛ አይታይም» ብለውኛል። አላወርደውም። የማላወርድበትን ምክንያት በየደጁ ስናገር ስለሰለቸኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

እህቴ የሻሽወርቅ ትባላለች። የቤታችን የመጀመሪያ እሷ ናት፤ የመጨረሻ እኔ ወለላ ነኝ። በመካከላችን የነበሩት በሕፃንነታቸው ቀርተዋል። አባታችን ጎርጎራ አጠገብ ባለ የደሴት ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ ሳላውቃቸው ነው ያረፉት። የሻሽ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ስትቀጠር እናታችንንና እኔን ይዛን መጣች። ባሏ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ምሰሶ እሷው ነበረች።

ሥራዋ ጉድፍ መልቀም ነው። ከማሽን የወጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት በሚበራበት ሰፊ መስታወት ላይ ይጎተታል፤ ለቃሚዎቹ ቆመው ያያሉ። የተቋጠረ ክር፣ የሳሳ ቦታ፣ የዘይት ነጠብጣብ ሲያገኙ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚህ የተነሣ ዓይኗ ክፉ ነበር። ቤታችን የመጣ እንግዳ ነጠላው ላይ ያለውን የተሳሳተ ጥለት ሳታይለት አይወጣም። አንድ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ቆሞ ስለ ንቃት ሲናገር «ጓድ፣ የሸሚዝዎ ሁለተኛው ቁልፍ በሦስተኛው ቀዳዳ ገብቷል» ብላው ሰው ሁሉ ሲስቅ እናታችን በፍርሃት ልትሞት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለማንም ሳትናገር ሆስፒታል ሄደች። ከእብጠቱ ቁራጭ ወስደው ወደ ጎንደር ላኩት፤ የጡት ነቀርሳ ነው የሚል መልስ መጣ። ዶክተር ሣህሉ የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ሐኪም ነበር፤ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል አላት። «ግን መጀመሪያ ደረትሽን ራጅ እናነሳለን። ነቀርሳው ወደ ሳንባ ያልሄደ መሆኑን ማየት አለብኝ። ከሄደ መቁረጡ ትርጉም የለውም።»

እኔና እናቴ ያወቅነው ያን ጊዜ፣ ራጁ በሚነሳበት ቀን ነው። አብረናት ሄድን።

ራጅ የሚያነሳው ጋሽ አዘዘ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ «ደረትሽን አስጠጊ! ትንፋሽሽን ያዢ! እንዳትተነፍሺ!» ሲል እንሰማለን።

«ትንፋሽ መያዝማ ማን ያስተምረናል፣ ጋሽ አዘዘ?» አለች የሻሽ ከውስጥ። «ቀበሌ ስብሰባ ስንት ዓመታችን!»

«ዝም በይ፣ ፊልሙ ይበላሻል!» አላት፤ ሳቁ ግን ተሰማን።

እናቴ ወለተ ኪዳን አልሳቀችም። ከገባን ጀምራ ያንን ትልቅ ማሽን አይታ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነበር። እኔ ለልጇ የፈራች መሰለኝ።

ፊልሙ እንደ ደረቀ ዶክተሩ እናቴንና እኔን ጠራን፤ የሻሽን አግዳሚ ላይ ትቷት። ያን ጊዜ ደንቡ ይኸ ነው፤ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው የሚነገር። ፊልሙን መብራት ያለበት ሳጥን ላይ ሰቀለው። የእህቴን አጥንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ነበረባት?»

እናቴ ተቆጣች። «በእኛ ዘር ነቀርሳ የለም!»

«ነውር ብዬ አይደለም...»

«የለም አልሁህ፣ ልጄ። አባቷ መሪጌታ ናቸው። የእኔም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የለም።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀና በብዕሩ ጫፍ ከትከሻው አጥንት ሥር ያለውን ነጭ ነገር አሳየን። «እንግዲያው ይሄ ጥላ የጡቱ ነቀርሳ ነው። ሳንባዋ ላይ ደርሷል። ቀዶ ሕክምናው ሥቃይ ብቻ ነው የሚጨምርላት። ያሳዝናል፤ ይሄን ክረምት ብታልፍ ነው።»

እናቴ አላለቀሰችም። «አትንገርብኝ» ብቻ አለችው። «እሷም፣ ሌላም ሰው እንዳይሰማ።»

ስንወጣ የሻሽ ቆማ ትጠብቀናለች።

«ምን አለ?»

«ብርድ ነው» አለች እናቴ። «ጡቱን መንካት አያስፈልግም። አርፋ ትብላ፣ ትጠጣ ብሏል።»

የሻሽ የእናቴን ፊት አየች፤ ቀጥሎ የእኔን። እኔ ውሸት ፊቴ ላይ አይቆይም። አልፋን በሩን በርግዳ ገባች። እኔም ተከተልኋት።

«ጓድ ዶክተር፣ የማን ደረት ነው የተነሳው?»

ዶክተሩ ደነገጠ። «ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው ለማን ነው የነገሩት?»

ፊልሙን ከሳጥኑ ላይ ራሷ አወረደችው። ወደ መስኮቱ ሄዳ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ልክ ጨርቁን እንደምታየው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ታየው ጀመር። ዶክተሩ ሊቀበላት እጁን ዘረጋና ተወው። ዓይኗ ከላይ ቆመ።

«ይኸ ነው?»

«እሱ ነው። ጥላው።»

«እኔ የማውቀው ጥላ ጥቁር ነው። ይኸ ነጭ ነው።»

«በራጅ እንዲህ ነው፤ ጥላው ነጭ ሆኖ ይወጣል።»

«በራጅም ተገለበጠ እንዴ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ይላል? ለእናቴ የነገሩትን ለኔ ይንገሩኝ። እንዳይቀንሱልኝ።»

ነገራት። ክረምቱንም ጭምር ነገራት። እህቴ ፊልሙን አላወረደችም።

«እኔ የዕለት እንጀራዬ ጉድፍ ማየት ነው፣ ዶክተር። ጉድፉን አይቼዋለሁ፤ አልክድም። ጨርቁ መቼ እንደሚቀደድ ግን መብራቱ ነግሮኝ አያውቅም።»

«ይሄ ጨርቅ አይደለም፣ እህቴ።»

«አይደለም። የኔ ሳንባ ነው። ጥላው ነቀርሳ መሆኑን ራጁ ራሱ ተናግሯል?»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጠየቅ እውነቱን የሚናገር ሰው ነበር። «ራጁ ጥላ ነው የሚያሳየው። ስም የምናወጣለት እኛ ነን። የዱሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ቢሆን ኖሮም ይሄንኑ ሊመስል ይችል ነበር። ያኛው ሌላ በሽታ ነው፤ በሳል የሚተላለፈው፣ በመርፌ የሚድነው። ስሙ ነው የተመሳሰለው። እናትሽን ጠየኳቸው፤ በዘራችን የለም አሉኝ።»

«እሱስ የለም» አለች የሻሽ። «በልጅነቴ ብርድ መታኝ እንጂ ነቀርሳ አልያዘኝም።»

ብርድ ደግሞ የማይመታው ሰው የለምና ዶክተሩም አለፈው፤ እኔም አለፍሁት።

ወደ ቤት ስንሄድ በሐይቁ ዳር መንገድ የሻሽ «ክረምቱ መቼ ነው የሚገባ?» አለች፤ ቀጥላም «ይግባ፤ ጣራው ቢያፈስ እንኳ አልሞትለትም» አለችና ጣሪያውን የሚጠግን ሰው ፈልጊልኝ አለችኝ።

በማግሥቱ ሥራ ገባች።

እናቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። በዚያው ሰሞን ለእኔ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። አለቃ ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ፣ ጎርጎራ የታወቁ ሊቅ፣ ለልጃቸው ለአለበል ሊጠይቁኝ ነበር። አለበል የጀልባዎች መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጆሮው ትልቅ ነው እንጂ አይከፋም። እነሱ ዘንድ ግን ዘር ይጣራል። ቆማጣ አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ነቀርሳ አለ ወይ ተብሎ በስውር ይጠየቃል። እናቴ የሻሽን ወደ ዘጌ ልትሰድዳት ፈለገች።

«አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። እንደዚያን ጊዜው ነፋሱ ያሽርሻል።»

«የእህቴ ሽማግሌ ሲመጣ እኔ ዘጌ?»

«አመድሽ ወጥቶ ሰው ሲያይሽ ምን ይላል? ለእህትሽ እዘኝላት።»

የሻሽ ወደ እኔ ዞረች። «ወለልዬ፣ ልሂድልሽ?»

«እግርሽን ያነሳሽ እንደሆነ አላገባም» አልኋት። ከልቤ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አለቃ ሀብተ ሥላሴ ከሁለት ሰዎች ጋር ገብተው፣ ቤቱን ባርከው ተቀመጡ። እናቴ የሻሽ ሥራ ላይ ናት ብላ ነግራለች። ሥራ ላይም ነበረች። ግን ጠላው እንደ ተቀዳ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ የፋብሪካውን ሰማያዊ ጋዋን እንደ ለበሰች ክሯም ከፀጉሯ ሳይራገፍ ገባች። ጉልበት ስማ ተቀመጠች።

አለቃ አተኩረው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?»

እናቴ ፈጠን አለች። «ብርድ መትቷት ነው፣ አባቴ።»

«ብርድ ነው?» አሏት እሷኑ።

የሻሽ ቀና አለች። «አይደለም፣ አባቴ። ጡቴ ላይ ነቀርሳ አለብኝ። ሐኪሙ ክረምቱን አትወጪውም ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ እወጣዋለሁ ብየዋለሁ። እየተከራከርን ነን። እርስዎ የመጡት ግን ለእህቴ ነው። እሷ ጤነኛ ናት፤ ዓይንዎ እያያት ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ የጠላ ዋንጫውን ሳይጠጣ ከእግሩ ሥር አስቀመጠው። አለቃ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንም ክፉ አልተናገሩም። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጀልባው መዘግየት ጥቂት አወሩ። ከዚያ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ተነሡ። ተመልሰው እንደማይመጡ ዋንጫው ነገረን።

በሩ እንደ ተዘጋ እናቴ የሻሽን በነጠላዋ ጫፍ መታቻት። ልጇን ስትመታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ አንዱን ሃያ ዓመት ሸፍኜ፣ አንቺ ሁለተኛውን በአደባባይ ታወጪብኛለሽ!»

የሻሽ የመታትን ነጠላ ያዘችው። አለቀቀችውም።

«አንዱን? የትኛውን አንዱን?»

እናቴ አፏን ያዘች።

«እምዬ፣ የትኛውን ነው የሸፈንሽው?»

«ምንም። ብርድ...»

«ብርድ!» አለች የሻሽ። ነጠላውን ለቀቀችና መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ለብርድ ነው ዘጌ ያስቀመጥሽኝ? ለብርድ ነው ያ ድሬሰር በታንኳ እየመጣ መቀመጫዬን ሲወጋኝ የከረመው? እስኪ ንገሪኝ፣ እምዬ። አክስቴ ዋንጫዬን ለብቻ ለይታ የምታስቀምጠው፣ ከልጆቿ ጋር አታስተኛኝም የነበረው፤ ለብርድ ዋንጫ ይለያል?»

እናቴ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ያን ጊዜ አለቀሰች። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የሻሽ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ደም ስታስል እናቴ በጀልባ ጎርጎራ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ወስዳት ራጅ ተነሳች። መድኃኒት ተሰጣት። ዘጌ ተደበቀች። ዳነች። ለሰው ሁሉ ብርድ ነው ተባለ፤ ለልጅቷም ጭምር።

«ታዲያ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ለምን አልነገርሽውም?» አልሁ እኔ።

«ምኑን ልንገረው? ነቀርሳ ነው አለኝ! ያው እሱ ነው፤ ከሳንባዋ ወርዶ ጡቷ ገባ። እኔ ደበቅሁት፤ እሱ ግን አልተደበቀም። ዱሮም ነበረባት ብለው ጨርሶ ተስፋ ይቆርጥ የለ? ምናልባት አዲስ ከመሰለው ያክማት ይሆናል ብዬ ነው። ምናልባት ብዬ!»

የሻሽ እናታችንን አየቻት፣ አየቻትና መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ ያበደች መሰለኝ። እየሳቀች ከመደቡ ወርዳ ከጎኗ ተቀመጠችና አንገቷን አቀፈቻት።

«እምዬ፣ ስሙ ነው አንድ የሆነው! ሁለት በሽታ ነው። ሐኪሙ እኮ የሚፈልገው ይኸንኑ ነበር። ነበረባት ብትይው ኖሮ ነው ተስፋ የሚኖረኝ።»

እናቴ አልገባትም። እስከ ዛሬም በደንብ የገባት አይመስለኝም። ሰኞ ጠዋት ግን የሻሽ እጇን ይዛ ስትወስዳት አልተቃወመችም።

ዶክተር ሣህሉ በር ላይ ሲያየን ፊቱ ጠቆረ፤ ልናለቅስበት የመጣን መስሎታል። የሻሽ እናታችንን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት።

«ንገሪው።»

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችው። በመጨረሻ «በዘራችን ነቀርሳ አለ» አለች፤ ጥርሷን እንደምትነቅል ሴት ሆና።

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ፊልሙን ፈልጎ አምጥቶ እንደገና ሰቀለው፤ አፍንጫው እስኪነካ ቀርቦ አየው። «ጠርዙ ጠንካራ ነው» አለ ለራሱ። «ቦታውም የላይኛው ጫፍ... እማማ፣ ያን ጊዜ ጎንደር ያነሷት ራጅ አለ? እሱን ከዚህ ጎን ባየው፣ ሳይለወጥ የቆየ ከሆነ በአንድ ጊዜ ይለይልኛል።»

«አለ» አለች እናቴ።

«የት?»

«ጣና ውስጥ።»

ዶክተሩ ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ቀልድ አልነበረም። ከጎርጎራ ስትመለስ፣ ሰው እንዳያገኘው ብላ፣ ከጀልባው ጫፍ ፊልሙን ውኃ ላይ ጣለችው። አልሰምጥ አላት። ጎድኑን ወደ ሰማይ አድርጎ ከጀልባዋ ጎን ለጎን ይሄድ ጀመር። ጀልበኛው አይቶት ሲያማትብ፣ መቅዘፊያውን ከእጁ ነጥቃ ወደ ታች ተጫነችው። ይህን ስትናገር በእጇ ጭምር እየገፋች ነበር፤ የሻሽ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዶክተሩም መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

ከዚያ ሳቁ አለቀና ሥራው መጣ። «ከጣና ፊልም አላወጣም። ስለዚህ አሁን የማውቀው ጠባሳ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። ነው ብዬ አልምልም። የጥንቃቄው መንገድ ክረምቱን ጠብቀን ሌላ ራጅ ማንሳት ነው። ጥላው ካላደገ ያን ጊዜ እንቆርጣለን።»

«የጡቴስ?» አለች የሻሽ። «ጡቴ ክረምቱን ይጠብቀኛል?»

ዓይኑን ወደ ፊልሙ መለሰ።

«አይጠብቅም። ጥላው ሃያ ዓመት ከጠበቀ ሌላ ክረምት ይጠብቅ፤ እብጠቱ ግን በየሳምንቱ ሲያድግ በእጄ አውቀዋለሁ። አሁን ቁረጡልኝ።»

«ከተሳሳትንስ? ጥላው ነቀርሳ ከሆነ በከንቱ ነው የምትቆስዪው።»

«ከተሳሳትን የምሞተው እኔ ነኝ። ሳልቆስል ሞትሁ ብዬ የምኮራ መሰለዎት? ራጁ አይቶኝ ፈርዶ ነበር፤ ፈራጁ ምስክር አልሰማም ነበር። ይኸው ምስክሬ» አለች እናቴን እያሳየች። «ሃያ ዓመት ዘግይታ መጣች እንጂ መጥታለች።»

ዶክተር ሣህሉ ፊልሙን ከሳጥኑ አወረደና «ነገ ደም የሚሰጡሽን ሰዎች ይዘሽ ነይ» አላት።

የፈረቃ ጓደኞቿ ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ ተሰልፈው መጡ። ጡቷ ተቆረጠ። ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያው ተጠግኖ ስለነበር አላፈሰሰም። መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ጋሽ አዘዘ ተመለስን፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ፊልሙ ደረቀ። ዶክተሩ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቅሎ ማስመሪያ አስጠጋ። ነጩ ነገር እንደነበረ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ልልክሽ ነበር» አላት። «ወደ ቤትሽ ልልክሽ ነበር።»

«ያልነገርንዎትን ከየት ያውቁታል?» አለችው። «ሁለተኛ ግን ለባለ ሳንባው ይንገሩ።»

ከሁለቱ ፊልሞች አንዱን እወስዳለሁ ብላ ስትጠይቅ ጋሽ አዘዘ እንቢ አለ። «አይቻልም። የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ፊልሙ ነው ወይስ ሳንባው?»

«ሁሉም የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«ቤት ሲወረስ ሰምቻለሁ፣ መሬት ሲወረስ ሰምቻለሁ። ሳንባዬ የተወረሰው በየትኛው አዋጅ ነው?»

ጋሽ አዘዘ ግራና ቀኝ አየ፤ ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ፊልሙን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። «ሂጂ፣ ሳታሳስሪኝ ሂጂ!»

እቤት እንደ ደረሰች የተሰበረውን የመስኮት መስታወት አራግፋ ፊልሙን በሙጫ ለጠፈችው። እናቴ ጮኸች። «መንገደኛ ያየዋል!»

«እንዲያይ ነው። አንዱን ጣና ውስጥ ከተትሽው። ይኸን ማንም አያሰጥመውም።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በጓሮ በር ነበር የምትገባ። ሰው መጥቶ ይጠይቃል፤ የሻሽም ትመልሳለች። «ይኸ የዱሮ ነቀርሳዬ ነው፤ በመርፌ ዳንሁ። ሌላኛው ጡቴ ላይ ነበር፤ በምላጭ ወጣ። ሁለት ናቸው።» አንዳንዱ ጎረቤት ከቤታችን እሳት መጫር አቆመ። አንዳንዷ ሴት ደግሞ ማንም በማያይበት ሰዓት መጥታ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እህት ዓለም፣ እኔም እዚህ ጋ የሆነ ነገር...» ትላታለች። የሻሽ ስንቷን እጇን ይዛ ሆስፒታል እንደወሰደች አልቆጠርሁም።

ከጎርጎራ የመጣ መልስ የለም። አለበል ሌላ አገባ። እኔ አላዘንሁም፤ የእህቴን ደረት የሚፈራ ቤት እኔንም አይችለኝም ነበር። ኋላ ያገባሁት የሐሙሲት ሾፌር መጀመሪያ ቤታችን ሲመጣ መስኮቱን አይቶ «ይኸ የማን ነው?» አለ፤ «የኔ» አለችው የሻሽ፤ «ጎድንዎ ከኔ ይበዛል» አለና ተቀመጠ። ጉዳዩ ያን ጊዜ ነው ያለቀ።

እህቴ ክረምቱን ብቻ አይደለም ያለፈችው፤ ዓመታት ኖረች፤ ጨርቅ አየች፤ ሰው አሣቀች። በ1982 ዓ.ም. በሽታው ተመለሰ። የጀርባዋ አጥንት ውስጥ ነበር የገባው። ሳንባዋን እንደገና አነሱት፤ ጥላው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ነበር። ያ ሁላችንም የፈራነው ነጭ ፍሬ አንድ ቀንም አልነካትም። ይህን ነገር ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። እህቴን የገደላት እናቴ የደበቀችው አይደለም።

የለቅሶው ቀን ድንኳኑ ፊት ለፊት ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ። በአገራችን የሟች ፎቶግራፍ ይዘው ይዞራሉ፤ ልብሷን ያነሳሉ። እኔ ፎቶግራፏን ይዤ፣ ጋዋኗን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። እናቴን ባጣት ጊዜ ዞር ብዬ ፈለግሁ። ከቤት እየወጣች ነበር። በጓሮ በኩል አይደለም፤ በፊት ለፊት በር። ፊልሙን ከመስኮቱ ገንጥላዋለች፤ ሙጫው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ዘርግታ ወደ ክቡ መሃል ገባች፤ ፀሐይዋ በጎድኑ መካከል አልፋ መሬት ላይ ወረደች።

«እዩልኝ! የየሻሽ ሳንባ ነው! ነቀርሳ ነበረበት፤ ድኗል! እኔ ነኝ የደበቅሁት፤ እሷ አልደበቀችም!»

እናቴ ፊልሙን እንደ ዘረጋች ክቡን መዞር ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት እየቆመች። አለቃ ሀብተ ሥላሴ ከጎርጎራ ለለቅሶ መጥተው ነበር፤ አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የቆሙት። ፊታቸው ስትደርስ ቆመች። ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ ብሎ ጠበቀ። አላዞሩም። ዓይናቸውን አጥብበው አዩ።

«የትኛው ነው?» አሏት።

እናቴ አንድ እጇን አላቅቃ በጣቷ ነጩን ፍሬ ነካችው።

«ይኸ ነው፣ አባቴ። እርስዎን ያሸሸዎት ይኸ ነው።»

አለቃ ቆባቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙ፤ ለቅሶው እስኪያበቃም መልሰው አላደረጉትም።

ሠልስት ካለፈ በኋላ ከገበያ ስመለስ እናቴ በርጩማ ላይ ቆማ ፊልሙን መልሳ ስትለጥፍ አገኘኋት። ሙጫው እጇን እስከ ክርኗ ለቅልቆታል። ገልብጣ ነው የለጠፈችው፤ የእህቴ ልብ ወደ ቀኝ ሆኗል። የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ ይነግረኛል፤ ዶክተር ሣህሉም ራሱ ሊያጽናናን መጥቶ አይቶ ነግሮኛል።

አላስተካከልሁትም። እናቴ የለጠፈችውን ማንም አይነካውም።